ዱላዎን ያውሱኝ

ዱርቤቴ ላይ ከሰውየው ቀድሞ የሚደርሰው የሞተሩ ድምፅ ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ መራዊንና ወተት አባይን አልፎ ወደ ዳንግላ የሚሄደው አስፋልት ከተማዋን መሀል ለመሀል አቋርጧት ያልፋል፤ ወደ ቁንዝላና ወደ ሻሁራ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። የደቡብ አቸፈር ወረዳ መቀመጫ ስለሆነች ደግሞ ጉዳይ ያለው ሁሉ ይመጣባታል። በቆሎ የጫነ አይሱዙ ያጓራል፣ ባጃጅ ይንጣጣል፣ ሞተር ሳይክሉ እንደ ባለቤቱ ጠባይ ወይ ያንጎራጉራል ወይ ይጮሃል። መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ የተቀመጠች ሴት ጀርባዋን ለአስፋልቱ እንደሰጠች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ «የግብርናው መጣ» ትላለች። እውነትም የግብርናው ነው። ሲኒ ቀድማ አውጥታለታለች።

ከከተማ ወጣ ሲሉ ይህ ጆሮ ይብስበታል። የልማት ሠራተኛውን ሞተር ከጤናዋ ሞተር፣ የጤናዋን ከርዕሰ መምህሩ የማይለይ ልጅ የለም። ክትባት የሚመጣበት ሞተር ገና ወንዙን ሳይሻገር በቆሎ ውስጥ ገብቶ የሚሸሸግ ሕፃን አውቃለሁ። እናቱ «አንተ ውጣ!» እያለች ስትሯሯጥ ሞተሩ አንዳንዴ የመብራት ኃይል ሆኖ ዝም ብሎ ያልፋል። ልጁ ግን ከበቆሎው የሚወጣው ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ጥንቁቅ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሌላ ስም አለው። በ2011 ዓ.ም. መገባደጃ ከተማዋ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ስትከለክል ምክንያቷ ዝርፊያና ወንጀል ነበር። እዚህ ሞተር ማለት ምጥ የያዛትን አስፋልት ድረስ የሚያወጣ፣ ማዳበሪያ የሚያመላልስ፣ ሙሽራ የሚያጅብ ነው። አንድ ሞተር ላይ ሾፌሩን፣ ሚስቱን፣ ልጃቸውንና ሁለት ዶሮ አይቶ የሚደነቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። የሚደነቀው ያ ሁሉ ጭነት ዳገት ሲወጣ ውስጥ ያለው ምን እንደሚል የሚሰማ ነው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ጆሮ የሞተሩን መታመም ወዲያው ያውቃል፤ የት ላይ እንደታመመ ሲጠየቅ ነው የሚሳሳተው። ሞተር በቀኝ በኩል አንድ ነገር ካንቋቋ፣ ጎረቤት ሁሉ «ፍሪሲዮን ነው» ይላል። ማርሽ አልገባ ቢል ፍሪሲዮን ነው፤ ዳገት ቢያቅተው ፍሪሲዮን ነው፤ ቢያጨስም ፍሪሲዮን ነው የሚል አይጠፋም። ለዚህ ፍርድ የሚከፍለው ደግሞ ባለሞተሩ ነው፤ ሸራ ይገዛል፣ ያስቀይራል፣ ድምፁ ይቀጥላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከአስፋልቱ ዳር ካለች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ የራሴን ጎማ እስኪለጥፉልኝ እጠብቅ ነበር። ጋራዥ ከተባለች ጋራዥ ናት፤ ወለሏ ዘይት የጠጣ አፈር ነው፣ መደርደሪያዋ የድሮ የቢራ ሳጥን። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ልጃቸው በሚነዳው ሞተር ኋላ ተቀምጠው መጡ። ወረዱና ለመካኒኩ ትእዛዝ ሰጡ።

«ፍሪሲዮኑ አልቋል። ፍታውና ሸራ ቀይርልኝ።»

«ማን አለዎት አያ?»

«ማን የማይል አለ? መንደሩ ሁሉ ይላል።»

«እንግዲያው ሞተሩም ይበል፤ እሱም ይጠየቅ።»

መካኒኩ ወጣት ነው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁር ዘይት በሳሙና የሚወጣ ዓይነት አይደለም። መፍቻውን አላነሳም። ልጁን «አንድ ዙር ነድተኸው ና፣ ይሙቅ» አለው። አዛውንቱ ተናደዱ፤ ቤንዚን በከንቱ ነደደ። ነገሩ ግን ልክ ነበር። የቀዘቀዘ ዘይት ወፍራም ነው፤ የላላውን ሁሉ አቅፎ ይይዘዋል። ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ያኔ የተሸሸገው ሁሉ መናገር ይጀምራል። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ምርመራ ማለት በጾም የተሸፈነ ገበና መፈለግ ነው፤ ፋሲካ ሲገባ ነው የሚታየው።

ሞተሩ ሞቆ ተመለሰ። መካኒኩ ማርሹን አውጥቶ ፎሌ ላይ አድርጎ፣ ቤንዚን ሳይሰጥ በሚኒሞ አስቆመው። በቀኝ በኩል ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ፤ እኩል የማይመታ፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ። የፍሪሲዮኑን እጀታ ቀስ ብሎ ሳበ፤ ድምፁ ጠፋ። ለቀቀው፤ ተመለሰ። ሳበ፤ ጠፋ። ከዚያ እጀታውን ትቶ ቤንዚን ጨመረለት፤ ሞተሩ ሲጨምር ቋቋታው ለስልሶ አለቀ፤ ሲቀንስ መጣ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ቡሎን አልተነካም።

ከዚያ ወደ አዛውንቱ ዞረ። «አያ፣ ዱላዎን ያውሱኝ።»

«ለምኑ? ልትመታው ነው?»

«ላዳምጥበት ነው።»

ሰውየው ዱላቸውን የሚያውሱ ሰው አይመስሉም ነበር፤ ግን ሰጡ። መካኒኩ ቀጭኑን ጫፍ የፍሪሲዮኑ ሽፋን ላይ አስደግፎ ወፍራሙን ጆሮው ላይ ጠጋ አደረገ። ብዙ ሰው ረጅም ካቻቢቴ ነው የሚጠቀመው፤ እንጨቱም ያው ነው። ድምፅ በጠጣር ነገር ውስጥ ከአየር ይልቅ አጥርቶ ይሄዳል፣ ዱላው ደግሞ የነካው ቦታ ያለውን ብቻ ያመጣል። ከቀኙ ሽፋን ወደ ሲሊንደሩ ራስ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ የውስጥ ካቴናው ወደሚያልፍበት ጎን አዞረው። እዚያ ሰላም ነው። ወደ ቀኝ መለሰውና ወፍራሙን ጫፍ ለአዛውንቱ አቀበለ፤ «አንቱም ይስሙት።» ጎንበስ ብለው ሰሙ። ፊታቸው ላይ የታየው ነገር የሞተር ጉዳይ አይመስልም ነበር። ከዚያ በኋላ ዱላቸውን አልመልስ ብለው የሞተሩን አካል አንድ በአንድ እየነኩ፣ ታንኩን እንኳ ሳይቀር፣ አዳመጡት።

እዚህ ላይ እጀታው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምርመራው በሙሉ ያረፈው እሱ ላይ ነውና። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች በቀኙ ሽፋን ሥር፣ ዘይት ውስጥ፣ አንድ የአሉሚኒየም ጣሳ ይሽከረከራል። ጣሳው ጎኑ እንደ ጣት የተሰነጣጠቀ ነው፤ በየስንጥቁ የሸራዎቹ ጥርስ ይገባል። በሁለት ሸራ መካከል አንድ የብረት ላሜራ አለ፤ ላሜራዎቹ የተያያዙት ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ነው። ሞላዎች ሸራውንና ላሜራውን አጣብቀው ስለሚይዙ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማ ይሄዳል። እጀታው ሲሳብ ሞላዎቹ ይጨመቃሉ፣ ሸራና ላሜራ ይለያያሉ፣ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል። ሸራው ላይ ብዙ ጊዜ ቡሽ አለበት፤ ያው የጠርሙስ መክደኛው ቡሽ፣ ፖርቱጋል ውስጥ ከሚበቅል የባሉጥ ዛፍ ቅርፊት የሚላጠው። አንድ ገበሬ ዱርቤቴ ላይ ዳገት ሲወጣ የሚሸከመው የዛፍ ቅርፊት ነው ብሎ ማሰብ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ እጀታውን መሳብና መልቀቅ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ተሳቦ ሲጠፋ፣ ተለቆ ሲመጣ፣ ነገሩ ወይ የጣሳው መላላት ነው ወይ የካምቢዮው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የድምፁ ዓይነት ነው፤ ኩሽኔታ ሳያቋርጥ ያጉረመርማል፣ ቤንዚን ሲጨመርለት ይብስበታል እንጂ አያቆምም። የላላ ጣሳ ግን በሚኒሞ ይንቋቋል፣ ሞተሩ ሲጨምር ይረጋጋል። ምክንያቱ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በሚኒሞ ሲዞር እየተንገጫገጨ ስለሆነ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት የላላውን ወዲያና ወዲህ ይመታዋል። ተገላቢጦሹ፣ እጀታው ሲሳብ የሚጀምርና ሲለቀቅ የሚያቆም ጩኸት ከሆነ፣ መግፊያው ላይ ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ትጠየቃለች። ሲነሳ ብቻ ሞተሩን የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ደግሞ ላሜራው ተጣሟል ወይም ሸራው ተቃጥሎ ለስልሷል። ሸራ ያለቀበት ሞተር ብዙውን ጊዜ አይንቋቋም፤ ይጮሃል እንጂ አይሄድም፣ ጉልበቱ መንገድ ላይ ይቀራል። አዛውንቱ ሸራ ቢያስቀይሩ ኖሮ ድምፁን ይዘውት ወደ ቤታቸው በተመለሱ ነበር።

መካኒኩ ይህን ሁሉ አልነገራቸውም። «ሸራው ደህና ነው አያ፣ ጣሳው ነው» አለና ለመክፈት ተዘጋጀ። በመጀመሪያ ግን ካቦውን አየ። የእጀታው ጫፍ ፍሪሲዮኑን ከመንካቱ በፊት በነፃ የሚሄደው ርቀት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው መሆን ያለበት። ምንም ነፃ ርቀት ከሌለ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተሳበ ነው፤ ሸራ ይበላል። ሲበዛ ደግሞ ሲሳብ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይዘላል። ስንቱ ሞተር የካቦ ማስተካከያዋን ዳዶ ሁለት ዙር ማዞር ብቻ አጥቶ ተፈትቷል።

ዘይቱን የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አፈሰሰውና ጣቱን ነክሮ ወደ ፀሐይ ያዘው። ዘይት ብዙ ይናገራል። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው ሸራ ተቃጥሏል። የሚያብረቀርቅ ግራጫ ዱቄት ካለውና ማግኔት ካልሳበው አሉሚኒየም ነው፤ ጣሳው እየተፈጨ ነው። ማግኔቱ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ነው። የአዛውንቱ ዘይት አብረቀረቀ።

መርገጫውን አወጣ፣ የሽፋኑን ቡሎኖች በቀዳዳቸው ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ሰካቸው፤ ርዝመታቸው አንድ ስላልሆነ ረጅሙን አጭሩ ቦታ የሰካ ሰው ሽፋኑን ይሰነጥቃል። የሞላዎቹን ቡሎኖች በመስቀለኛ፣ እያንዳንዱን በጥቂት በጥቂቱ አላላ። ሞላዎቹን በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው፤ ቁመታቸው እኩል ነው፣ አንዱም አላጠረም። ላሜራዎቹን በቤንዚን አጥቦ በአሮጌ የመስኮት መስታወት ላይ አንድ በአንድ አስተኛ፤ ጥግ ጥጋቸውን በጣቱ ተጫነ። ያልተንቀጠቀጠ ደህና ነው።

በመጨረሻ ጣሳውን አወጣ። የጣሳው ጣቶች ላይ የሸራዎቹ ጥርስ እየመታ ያበጀው ደረጃ በዓይን ይታያል። አውራ ጣቱን ጥፍር በላዩ ላይ ሳበ፤ ያዘው። ጭረቱ ጥፍር የማይዝ ቢሆን በሞረድ ይስተካከላል፤ ጥፍር ሲይዝ ግን ሸራዎቹ እየተንሸራተቱ በመገጣጠም ፈንታ በየደረጃው ይደናቀፋሉ። ከዚያ ጣሳውን በአንድ እጁ፣ ከኋላው የተጣበቀውን ትልቁን ጥርስ በሌላው ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ አዞራቸው። ተንቀሳቀሱ፣ ቋ አሉ። ያ ነበር፤ ከአሥር ሜትር ሲሰማ የነበረው። ጥርሱና ጣሳው የሚያያዙት በተቀጠቀጡ ሚስማሮች ነው፤ በመካከላቸውም ምቱን የሚያለዝብ ጎማ ወይም ሞላ አለ። ጎማው ሲደርቅና ሚስማሩ ሲላላ እጅ ለእጅ የተያያዙት ሁለቱ መገፈታተር ይጀምራሉ።

አዛውንቱ እዚህ ላይ የራሳቸውን መፍትሔ አቀረቡ፤ «ቀጥቅጠህ አጥብቀው።» እንዲህ የሚያደርግ አለ። የሚስማሩን ራስ በመዶሻ መትቶ ያጠብቃል፣ ድምፁ ለጊዜው ይጠፋል፣ ገንዘብ ይቀበላል። የተሰነጠቀ የሚስማር ራስ ከዕለታት አንድ ቀን ተቆርጦ በሚሽከረከር ጥርስ መካከል ሲገባ ግን የሚጠፋው ድምፁ ብቻ አይሆንም። ቶርኖ ቤት ወስዶ አሮጌውን ሚስማር በመሰርሰሪያ አውጥቶ ጎማውን ቀይሮ በፕሬስ ማስመታት ያስኬዳል፤ ጣቶቹ እንዲህ ለተቦረቦረ ጣሳ ግን የባከነ ወጪ ነው። እኔ ብሆን አዲስ ነው የምገዛው። መካኒኩም ያንኑ አለ፤ ባሕር ዳር ደወለ፤ ጣሳው በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ሹፌር እጅ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። በዚህ አስፋልት ላይ ከፖስታ ቤት በላይ ያደረሰው የሚኒባስ ሹፌር ነው።

ባሕር ዳር ላይ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት ስለ ብረትና ስለ ማሽን የሚያስተምሩት እንግዶች ነበሩ። ትምህርቱ ከዚያ እስከ ዱርቤቴዋ የቆርቆሮ ጥላ በምን በምን እጅ ዞሮ እንደደረሰ ማንም አልመዘገበውም፤ ግን ቡሎንን በመስቀለኛ አላላ የሚለው ሕግ ደርሷል።

ጣሳው ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ልጁ መሬት መሬት አየ። በክረምት ጭቃ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ቤንዚን እየሰጡ መውጣት ልማዱ ነው፤ የማን ልማድ አይደለም? ዳገት ላይ ቆሞ ሲያወራም ፍሬን በመያዝ ፈንታ ሞተሩን በፍሪሲዮኑ ያንሳፍፈዋል። ሁለት ጣቱንም እየነዳ እጀታው ላይ ያሳርፋል፤ ለእረፍት ይመስለዋል። ዘይትም ሌላ ጉዳይ ነው። ለመኪና የተሠራ አንዳንድ ዘይት ሰበቃን የሚቀንስ ነገር ይጨመርበታል፤ ለመኪና ሞተር በጎ ነው፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ግን መንሸራተት ነው። ጃፓኖች ለዚህ ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሞተር ሳይክል ዘይት የተለየ ደረጃ አወጡ፤ ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት የታተመው ለዚህ ዓይነት ፍሪሲዮን የሚሆነው ነው። ባለሱቅ ግን የሚጠይቀው «የስንት ብር ይሁን?» ብሎ ነው።

ነገሩን ሰፋ አድርገው ሲያዩት ይህ የግራ እጅ ሥራ ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ነጂው ሞተሩን እየገፋ ይሮጥና ሲነሳ ዘሎ ይቀመጥ ነበር፣ ሲቆም ደግሞ ሞተሩም አብሮ ይጠፋል። በዘይት ውስጥ የሚሽከረከሩ የተደራረቡ ስስ ሳህኖችን ሐሳብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ካሳደጉት አንዱ ሄሌ ሾው የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ሱፐር ከብ የተባለውን ሞተር ሲያወጣ የፍሪሲዮኑን እጀታ ጭራሽ አስቀረው፤ የሾርባ ፓስታ የሚያደርስ ልጅ በአንድ እጁ ሰሃን ይዞ በሌላው እንዲነዳ። የዚያ ሞተር ምርት እ.ኤ.አ. በ2017 100 ሚሊዮን ሞልቷል። ጣልያን አገር ቦሎኛ ላይ የሚሠራው ዱካቲ በበኩሉ ለረጅም ዘመን በብዙ ሞተሮቹ ላይ ዘይት የማይነካው ፍሪሲዮን ይገጥም ነበር፤ እጀታው ሲሳብ ሳንቲም እንደያዘ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ ባለቤቶቹም ይወዱታል። የአቸፈር ገበሬ ለማጥፋት የሚከፍልበትን ድምፅ ሌላው ለመስማት ይከፍልበታል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ኤሌክትሪክ የብዙ ሰው ወሬ ሆኗል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልም አለ። አብዛኛው ፍሪሲዮንም ማርሽም የለው፣ ድምፅም እምብዛም የለው። ለመካኒኩ ጉዳት ይሁን ጥቅም እንጃ፤ የክትባቱን ሞተር ሰምቶ በቆሎ ውስጥ ለሚገባው ልጅ ግን አደጋ ነው።

በማግሥቱ አዲሱ ጣሳ ገባ። ሸራዎቹ ሌሊቱን ዘይት ውስጥ አድረው ነበር፤ ደረቅ ሸራ አይገጠምም። የመሀሉ ዳዶ ታሰረ፣ እንዳይላላ የቀለበቱ ጆሮ ታጠፈ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ተነጠፈ፣ ዘይት ተሞላ። አዛውንቱ ዱላቸውን አዘጋጅተው ቆመዋል። ሞተሩ ተነሳ፣ ሞቀ፣ በሚኒሞ ቆመ። በቀኝ በኩል ምንም የለም። መካኒኩ እጀታውን ሳበ፣ ለቀቀ፤ ምንም። ልጁ ወጥቶ እስከ ቁንዝላ መገንጠያ ነድቶ ተመለሰ። አዛውንቱ ግን ሳይከፍሉ ቆዩ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ወደ ኋላ ጎማ ያዳምጣሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው የሚንሿሿው?»

«ካቴናው ነው አያ። ላልቷል።»

«ትናንት አልነበረም!»

«ነበር እንጂ። ፍሪሲዮኑ አላሰማ ብሎዎት ነው።»

አዛውንቱ መካኒኩንም ካቴናውንም በጥርጣሬ አዩና ዱላቸውን ወደ ኋላ ጎማው ዘረጉ።